ትንሽ የቀራት ሴትዮ

መጀመሪያ አውራ ጣታቸውን ጣሳው ውስጥ ካለው ውሃ ይነክራሉ። የራሰውን ጣት ሲሚንቶው ላይ ያሳርፉና የሕፃን ጉንጭ እንደሚያብስ ሰው ቀስ አድርገው ወደ ላይ ይስባሉ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ጫፏ በሞረድ የተሳለ የሻይ ማንኪያ ያወጣሉ። በማንኪያዋ ጠርዝ ከሲሚንቶዋ ሴትዮ አፍንጫ ሥር የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሲሚንቶ ይፍቃሉ። የፋቁትን መዳፋቸው ላይ አድርገው ያዩታል። ከአሮጌ ፍራሽ በተቆረሰች ስፖንጅ ቦታውን ያለሰልሳሉ። ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋባቸው ይቆማሉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋሉ። ተመልሰው ይመጡና ያችኑ የፋቋትን ቅንጣት ከመዳፋቸው አንስተው እዚያው የነበረችበት ይለጥፏታል።

"አለቀች አያ?" እላቸዋለሁ።

"ትንሽ ቀራት።"

እነሆ፣ ሊቀ ጠበብት ወመገሥጸ ሲሚንቶ፣ አያ አስናቀው!

ሰው በሰፈረበት ሁሉ አንድ ጨርሶ የማይጨርስ ባለሙያ አይጠፋም። እናንተም ሰፈር አለ። ለሠርጋችሁ የታዘዘውን ሱሪ ለመልሱ ያደረሰው ልብስ ሰፊ፣ በሩን ገጥሞ መያዣውን "ነገ" ያለው አናጢ፣ ጣሪያችሁን ከድኖ ለክረምት አንዲት ቆርቆሮ የረሳላችሁ እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች እንዳይመስሏችሁ። ሰነፍ ቢሆኑማ ተገላግለን ነበር፤ ሰነፍ ሥራ አይጀምርም። እነዚህ ግን ከእኛ ቀድመው ተነሥተው፣ ከእኛ ዘግይተው ገብተው፣ ምሳቸውን ረስተው ነው የማይጨርሱት።

እኔ በያጅ ነኝ። ሙያውን በትምህርት ቤት ተምሬ፣ እጄን ተቃጥዬ ነው የያዝኩት። ብየዳ ሁለት መልስ ብቻ አለው፤ ይዟል ወይም አልያዘም። ከያዘ ብረቱን አውርደህ የሚቀጥለውን ትጭናለህ። ከአያ አስናቀው ጋር አንድ ሥራ ላይ መመደቤ ስለዚህ የእግዜር ቀልድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራዳ፣ እኛ መንገድ ላይ፣ ቦኖ አለ። የሰፈሩ ውሃ በተራ ስለሚመጣ ቦኖው ከውሃ ይልቅ ወረፋ ያፈልቃል። የሰፈራችን ኮሚቴ መንገዱን ለማሳመር ቦኖው ዳር ሐውልት እንዲቆም ወሰነ። ሐሳቡ እንስራ ያዘለች ኮረዳ ነበር። ሁሉም እጁን አውጥቶ ሊያጸድቀው ሲል ቦኖው አጠገብ ሽንኩርት የምትሸጠው ታየች ተነሣች።

"እንስራ?" አለች። "ማን ነው እዚህ እንስራ አዝሎ የቆመው? የእኔን ወገብ የቆረጠው ጀሪካን ነው!"

"ለውበቱ እኮ ነው ታየች" አሏት።

"ለውበት ከሆነ ወገቤን መልሱልኝና እኔው እቆምላችኋለሁ።"

ጀሪካን ሆነ። ታየች ግን በዚህ አላበቃችም። "ደግሞ መደብ ላይ እንዳትሰቅሏት" አለች። "ወረፋ ላይ ማን ከፍ ብሎ ይቆማል? መሬት ትርገጥ እንደ እኛ።" ይህም ጸደቀ።

ፌሮ አጥፌ አጥንቷን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ጠዋት ጀምሬ ለምሳ ጨረስኩ። ጀሪካኗንም ከሲሚንቶ እንቅረጽ ቢባል የልጅ ልጆቻችን ናቸው የሚመርቋት ብዬ ከገበያ እውነተኛ ቢጫ ጀሪካን አምጥቼ ሲሚንቶ ሞላሁበትና እግሯ ሥር አቆምኩት። ሥጋዋን አያ አስናቀው ተረከቡ። ለመስቀል ሰሞን ነበር የጀመሩት። ደመራው ተቃጠለ፣ አመዱ ተበተነ፣ ሕዳር ገባ፤ ሴትዮዋ ሸራ ተከናንባ "ትንሽ ቀራት"።

የመጀመሪያው ፈተና ልማዳቸው ነው፤ መረጃ ነበረን እኮ። ወደ አይከል በሚወጣው መንገድ ዳር አያ የሠሩት የድንጋይ አግዳሚ አለ። ሕዝቡ ተቀምጦበት፣ ተኝቶበት፣ ስንቱ ሽምግልና ተደርጎበት፣ እሳቸው በዚያ ባለፉ ቁጥር ግን "ምነው ልጆቼ፣ አትደገፉት፣ አልጨረስኩትም እኮ" ይላሉ። እዚሁ ከኛ መንገድ ማዶ ደግሞ አንድ ነጋዴ ደጃፍ ላይ የቀረጹት አንበሳ አለ። የቀኝ ወገን ጋማው ሲያዩት ያስፈራል። ግራው መላጣ ነው። የሰፈሩ ሰው አቅጣጫ ሲጠቁም "ከተላጨው አንበሳ ወደ ታች" ይላል። ነጋዴው መጀመሪያ ተናደደ፤ ኋላ ደንበኛ ሁሉ በአንበሳው ምልክት ሲመጣለት፣ አያ ሊጨርሱት መሰላል ይዘው በመጡ ቀን "ባይሆን ሌላ ጊዜ" ብሎ በሻይ ሸኛቸው።

ሁለተኛው ፈተና የቅዱሳን ቀን ነው። አያ አስናቀው ወርቅ ቢመዝኑላቸው በበዓል ማንኪያ አያነሡም። አምስት ሲሆን አቦ ነው፣ ሰባት ሲሆን ሥላሴ፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ከዚያ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ። በዚህስ ማን ይከራከራል? እኔም አከብራለሁ። ችግሩ፣ በዓል ቀን አይሠሩም እንጂ መጥተው ያያሉ። ማየት አልተከለከለም። ሸራውን ገልጠው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ሥላሴ ያዩት የሦስት ቀን ሥራ ያፈርሳል።

ሦስተኛው፣ አስተያየት አይንቁም። እንደኛ አገር ባለሙያ "ሥራዬን ለኔ ተውልኝ" ቢሉ ኖሮ አንድ ነገር ነበር። እሳቸው ግን ያለፈውን ሁሉ ይጠይቃሉ።

"እስቲ ልጄ፣ ይችን ትከሻ እዪያት። ሸጋ ናት?"

"ሸጋ ናት አያ፤ ግን ጀሪካን የለመደ ትከሻ አንዱ ዝቅ ይላል።"

"እውነትሽን ነው!" ይሉና ትከሻው ይወርዳል። በማግስቱ ሌላዋ መጥታ "ምነው አያ፣ ጎበጠችሳ!" ስትል ትከሻው ይወጣል። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ አንድ ጨዋ መምህር በዚያ ሲያልፍ ክንዷ ለቁመቷ እንደሚረዝም ነገራቸው። ለካን፣ እውነትም ረዝሟል፤ ሲሚንቶው በላይ በላዩ ሲለጠፍበት። አያ መምህሩን ግንባሩን ስመው ክንዱን ከክርኑ ጀምረው አፈረሱት። እኔ እዚያው ቆሜ አጥንቱን፣ የራሴን ፌሮ፣ ዳግመኛ ፀሐይ ሲመታው አየሁ።

ገና አለፈ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሙሉቀን ትዕግሥቱ አለቀ።

ሙሉቀን ደግ ሰው ነው፤ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። አንድ ዘመን ብዙ የብር ቀለም አስመጥቶ አልሸጥ አለውና ያንን ቀለም ለሰፈሩ መለገስ ጀመረ። በመንገዳችን ላይ የማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ብር ተቀብቷል። የመብራት እንጨቱ፣ የውሃ ታንከሩ፣ የዝግባው ግንድ እስከ ወገቡ፣ የእድራችን ድስት ክዳን። አንድ የታመመ አህያ ሙሉቀን ደጅ ቆሞ ባለመንቀሳቀሱ ለጥቂት ነው የተረፈው ይባላል።

"ስማ" አለኝ። "ለጥምቀት ስንት እንግዳ ነው የሚገባው! ታቦታቱ ወደ ቀሐ ወንዝ ሲወርዱ ሕዝቡ በዚህ ያልፋል። እኛ ሸራ ልናሳየው ነው? የከተራ ዋዜማ ጠዋት እመጣለሁ። ካለቀች አለቀች። ካላለቀች ብር ቀብቼ እገልጣታለሁ። ብር ጉድለት አያሳይም። ለሽማግሌው አንተ ንገራቸው።"

ሄጄ ነገርኳቸው። ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረች።

"ብር?"

"ብር።"

"ድስት ሊያደርጓት ነው?" አሉ። ማንኪያዋን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ "ልጄ፣ ብር ከቀቧት በኋላ ማንም ሰው ናት አይላትም። ሐውልት ነው ብለው ነው የሚያልፏት።"

"ሐውልት ናት እኮ አያ!"

"እሱን አንተና እኔ እንወቀው።"

"እንግዲያውስ ይጨርሷታ! ምኗ ነው የቀረው? ዓይን አላት፣ አፍንጫ አላት፣ ቱንቢ ጥዬ ለክቻታለሁ፣ ቀጥ ብላለች።"

"እሱ ነው ችግሩ" አሉኝ። "ቆማለች እንጂ አልጠበቀችም።"

"ምን ልዩነት አለው?"

"መቆምና መጠበቅ አንድ ነው? ሂድ እስቲ ወረፋውን እይ።"

ለኔ የቆመ ነገር ቆሟል፤ ጉዳዩ የፌሮው ውፍረት ነው። ግን ሽማግሌው እንደ ቀልድ እንዳልያዙት ገባኝ። ያንን ሰሞን "ትንሽ ቀራት" ሲሉኝ እንደ ወትሮው ፈገግ አይሉም ነበር። የሙሉቀንን ሱቅ በሩቁ እያዩ ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ። የጥር ሥላሴን ቀኑን ሙሉ ቦኖው ትይዩ ተቀምጠው፣ ማንኪያቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንዳለች፣ የሴቶቹን እግር ሲያዩ ዋሉ። ታየች "ምነው አያ፣ በሽምግልና?" ብላ እስክትስቅባቸው ድረስ። በማግስቱ ሸራው ውስጥ ገብተው ከወገቧ በታች ያለውን ሁሉ አፈረሱ። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ።

የቀጠሮው ማለዳ መጣ። የሆነውን ኋላ ነው ያጣራሁት፤ እንዲህ ነው።

አያ አስናቀው ጎህ ሲቀድ መጥተው ሸራውን አንሥተዋል። ዋዜማውን የለሰኑት ፊቷ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ የባለቤታቸውን አሮጌ ነጠላ በውሃ ነክረው አናቷና ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገውላታል። ጣሳቸው ውስጥ ያለው ውሃ አለቀ። ቦኖው እንደ ልማዱ ደረቅ ነው። ውሃ ሊለምኑ ወደ ጎረቤት ሄዱ። የጎረቤትም ውሃ ከአንድ ጣሳ አያልፍም፤ ቁርስ ግን ነበር፤ ያለ ቁርስ ደግሞ ማን ይለቃቸዋል! ሴትዮዋ ብቻዋን፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ቢጫ ጀሪካኗን እግሯ ሥር አድርጋ፣ ጭጋግ ውስጥ ቦኖው ዳር ቀረች።

እትየ የትነበርሽ ከኪዳን ጸሎት ይመለሳሉ። እትየ የትነበርሽ የወረፋችን ዳኛ ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም ቢልም ማን ከማን ፊት እንደነበረ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ቦኖው ዳር ሴት ቆማ አዩ። ቤታቸው ገብተው ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ወጡና ከኋላዋ አስቀመጡ። የእሳቸውን ያየች ጎረቤት የእሷን ከኋላቸው አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ወረፋ እንደሚሆነው ሆነ።

እኔ ስደርስ የጀሪካኑ ሰልፍ መድኃኒት ቤቱን አልፎ ወደ ተላጨው አንበሳ እየተጠጋ ነው። ታየችን መጨረሻው ላይ አገኘኋት።

"ውሃ መጣ እንዴ?"

"ይመጣል።"

"ማን አለ?"

"ፊት ያለችው ናት አሉ።"

"ምን ብላ?"

"ምንም። እትየ የትነበርሽ ሁለት ጊዜ ጠየቋት፤ ዝም። ዝም ካለችማ ታውቃለች ማለት ነው። የማታውቅ ሴት ዝም ስትል አይተህ ታውቃለህ?"

አንገቴን አሠግጌ ወደ ፊት አየሁ። ነጠላዋን ለየሁት። ሳቄን ልለቀው ስል ሙሉቀን መጣ፤ ቡሩሽ በአንድ እጁ፣ የቀለም ቆርቆሮ በሌላው። ወደ ፊት ገሰገሰ።

"ተራ!" አሉ እትየ የትነበርሽ ሳይዞሩ።

"እትየ፣ እኔ ውሃ ልቀዳ አይደለም።"

"ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው።"

"የኮሚቴ ሥራ ነው!"

"ባለፈውም የቀበሌ ሥራ ነው ያለው ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ሄዷል። ቆርቆሮ ይዘሃል፣ ቡሩሽህ ደግሞ ምንድን ነው፣ ልትታጠብ ነው? ወደ ኋላ!"

"እትየ፣ ቀለም ነው! ፊት ያለችውን ልቀባ ነው!"

ወረፋው ሁሉ ዞረ። "ማንን?" አለች አንዷ። "ሰው አጥቶ ነው ከማያውቃት ሴት ጋር የሚጣላው?" አለች ሌላዋ። ሙሉቀን፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ባለሱቁ፣ የሦስት እድር ዳኛ፣ ከታየች ኋላ ሄዶ ቆመ። ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ በወረፋው ሕግ ማለት ነው።

ፀሐይ ወጣ ስትል እትየ የትነበርሽ ከፊታቸው ለቆመችው ሴት አዘኑ። "እቴ፣ ነጠላሽ እርጥብ እኮ ነው፤ ብርድ ይመታሻል" አሉና ሊያስተካክሉላት እጃቸውን ሰደዱ። ትከሻዋን ነኩ። እጃቸውን መለሱ። እንደገና ነኩ።

"በስመ አብ ወወልድ!"

እትየ ዞረው ፊቷን ከቅርብ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ወረፋው ተመልሰው፣ "እኔ እኮ ኩራተኛ መስላኝ ተቀይሜያት ነበር" አሉ።

ሳቁ ከፊት ተነሥቶ እስከ መድኃኒት ቤቱ ደረሰ። ታየች እልልታውን አቀለጠችው። ሙሉቀን ተራው ሳይደርስ በልዩ ፈቃድ ወደ ፊት እንዲያልፍ ተደረገ። ሴትዮዋን ዞራት። ቡሩሹን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ይችንማ…" አለ። "ይችንማ ብቀባት ሴቶቹ እኔን ይቀቡኛል።" ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ቀለሙ ግን እንዲሁ አልተመለሰም፤ ቦኖው ዛሬ ብር ነው፣ ዓይን ይወጋል።

አያ አስናቀው ጣሳቸውን ይዘው ከጎረቤት ሲወጡ ይህ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ አገኙት። ክፉ የመሰላቸው ይመስለኛል፤ እርምጃቸው ተሰበረ።

"ምነው? ቀቧት?"

"ኧረ አያ" አልኳቸው። "ከኋላዋ ተሰልፈው ነው። ከጎህ ጀምሮ።"

ወረፋውን ከፊት እስከ ኋላ በዓይናቸው ሄዱበት። ጀሪካኑን፣ ሴቶቹን፣ ከታየች ኋላ ያለውን ባዶ የሙሉቀንን ቦታ።

"ታዲያ እየጠበቀች ነው በለኛ!" አሉ፤ የጣሳው ውሃ እጃቸው ላይ እየፈሰሰ።

በዚያው ሰዓት ቦኖው ሳለ፣ አጓራ፣ ቀጥሎ ውሃ ተፋ። ቀኑ የሰፈራችን ተራ ስለነበረ ነው፤ እኔ ይህን ለሁሉም አስረድቻለሁ። ማን ይሰማኛል? "ታውቃለች ብዬህ አልነበር!" አለችኝ ታየች፣ ጀሪካኗን እየጎተተች።

ሕዝቡ ውሃውን ሲሻማ እኔ ጎንበስ ብዬ ያፈረሱትንና መልሰው የሠሩትን አየሁ። የግራ ተረከዟን ከፕላስቲክ ጫማዋ አውጥታ በቀኝ እግሯ ጀርባ ላይ አሳርፋዋለች። ክብደቷ ወደ አንድ ወገን ሄዷል፤ ቱንቢ ብጥል አይገጥምም። ይህን አቋቋም አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ፀደይ፣ ሆስፒታል ሥራ ከመግባቷ በፊት ቦኖው ጋ ስትቆም እንዲህ ነበር የምትቆመው። ስንት ዓመት ውሃውን ስጠጣ ተረከዟን አላየሁትም። ሥራው ያዘ ማለት ይህ ነው።

እናም ጉዴን ስሙ። ጥምቀት አልፎ፣ እንግዳው ተመልሶ፣ ሁሉም ካደነቃት በኋላ፣ እኔ፣ ያ "ካለቀ አለቀ" ባዩ በያጅ፣ አንድ ቀን አያ አስናቀው አጠገብ ቆሜ "አያ፣ ሸጋ ናት፤ ግን እኔ ቤት ያለችው ጫማዋ ከጎኑ ተሰንጥቋል" አልኳቸው። ዓይናቸው በራ። ማንኪያዋ ከኪሳቸው ወጣች። አሁንም እዚያው ናቸው፤ ካለፋችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ምሳቸውን እኔ ነኝ የማመላልሰው።

ስለ እሳቸው ልጽፍ እንደሆነ ስነግራቸው አልከለከሉኝም። "ስለኔ የፈለግኸውን ጻፍ" አሉኝ ጫማዋን እየፋቁ። "ግን አንባቢዎችህን አንድ ነገር ለምንልኝ። ሰሞኑን አንዳንድ ብልጥ እየመጣ ሲሚንቶ ናት ብሎ ከፊቷ ጀሪካን ያስቀምጣል። ነውር ነው። እሷ ቀድማ መጥታለች። በዚህ የምታልፉ፣ ውሃ የምትቀዱ ሁሉ፣ እባካችሁ ከኋላዋ ቁሙ።"